ከወረቀቱ ውጪ አንድ ስም

ዴሊማ የታላቅ እህቷን የጓሮ በር ያንኳኳችው ሁለቱ ከተኳረፉ አራት ዓመት ሊሞላ አንድ ወር ሲቀረው ነው። ክዳኑ በፎጣ የታሰረ ድስት ታቅፋ፣ የቤተ ክርስቲያን ካፖርቷን ለብሳ፣ ከንፈሯን ቀለም ተቀብታ ቆማለች። ኤድሜ በሩን ከፍታ ከላይ እስከ ታች አየቻት። ሰው ሞተ እንዴ ልትል ፈለገችና ተወችው፤ በዚህ ቤት የሚሞተው ሞቷል።

“ፍሪኮ ነው፣ የእናታችን የዶሮ ሾርባ” አለች ዴሊማ። “ዶሮውን ትናንት ማታ ነው የቀቀልኩት። ጨው አሳንሼበታለሁ፣ ለደም ግፊትሽ ብዬ።”

“ደም ግፊት እንዳለብኝ ማን ነገረሽ?”

“መድኃኒትሽን ሁለት ጊዜ ተሳስተው እኔ ጋ አመጡት እኮ።”

ቤቱ የአባታቸው ነው። ካናዳ፣ ሞንክተን ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲዱ ወዲህ፣ ምድርና ፎቅ የሆነ የእንጨት ቤት፤ ኤድሜ ምድሩን፣ ዴሊማ ፎቁን ወርሰው አንድ ጣራ ሥር ይኖራሉ። የልብስ ማጠቢያው አንድ፣ የማሞቂያው ዘይት አንድ ስለሆነ ጨርሶ መኮራረፍ አይቻልም። በማጠቢያው ክዳን ላይ ብጣሽ ወረቀት እየተለዋወጡ ኖረዋል፤ “ዘይት ነገ ይመጣል”፣ “በረዶውን ጠርጌዋለሁ”፣ “ካልሲ ረስተሻል”። ስም የለ፣ ሰላምታ የለ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእነሱ ዝምታ ግን ነቅዞ ዱቄት ሆኗል። ከላይ ዴሊማ ስትራመድ ከታች ኤድሜ ትሰማታለች፤ መቼ እንደተኛች፣ መቼ መቀመጥ አቅቷት ቤቱን እንደዞረች ታውቃለች። ዛሬ ደግሞ ገና ሳይነጋ ጀምረው አንዷ ከላይ፣ አንዷ ከታች ሲንጎራደዱ ነው ያረፈዱት።

ያኳረፋቸው ሬያል ነው፣ የዴሊማ አንድ ልጅ። በዚያ መጋቢት ሰክሮ መጣና የአክስቱን የኤድሜን ባል፣ አሊርን፣ የመኪናውን ቁልፍ ጠየቀው። መንዳት ያስተማረው ራሱ አሊር ነው፤ ሌላ ቀን ቢሆን ይሰጠው ነበር። “እንዲህ ሆነህ አልሰጥህም” አለው። ወደ ፎቁ በሚያወጣው የኋላ ደረጃ ላይ ተያያዙ፤ ሬያል ገፋው። አሥራ አንድ እርከን፣ ከሥሩ የበረዶ ግግር። አሊር ሞቶ ሲያነሱት ቁልፉን እንደጨበጠ ነበር። ዳኛው ለሬያል ስድስት ዓመት ፈረደበት። ዴሊማ ከፍርድ ቤቱ ስትወጣ ለጎረቤት “ልጄ ገፊ እንጂ ገዳይ አይደለም” አለች፤ ኤድሜ ከኋላዋ ነበረችና ሰማች። ከመጋቢት ጀምሮ የቀዘቀዘው ወሬ ከዚያ ወዲያ ጨርሶ ቆመ።

“ዛሬ ሬያል አመክሮ ቦርዱ ፊት የሚቀርብበት ቀን አይደል” አለች ዴሊማ ደጃፉ ላይ እንደቆመች። “እኔንም በታዛቢነት ፈቅደውልኛል። ወኅኒ ቤቱ ድረስ ደግሞ አውቶቡስ የለም።”

ኤድሜ እምቢ ልትል አፏን ከፈተች። የእህቷ ክንድ በድስቱ ክብደት ይንቀጠቀጣል። “አስገቢው፣ ይቀዘቅዛል” አለችና የመኪናውን ቁልፍ ከሚስማሩ አወረደች።

መኪናው የአሊር ነው፤ ቁልፉም ያው ቁልፍ። መንገድ ጀመሩ። ኤድሜ ሬዲዮውን ከፈተች፣ ዘጋች፣ መስኮቱን ዝቅ አደረገች፣ መልሳ ከፍ አደረገች። ነዳጅ ማደያው ጋ ቆመው ኤድሜ ስትቀዳ ዴሊማ በመስታወቱ ውስጥ ቁጥሩ ሲሮጥ ታያለች፤ ሊትሩ አንድ ዶላር ከስልሳ ሁለት ገብቷል።

“ለተጎጂ የመንገድ ይከፍላሉ አሉ” አለች ኤድሜ ተመልሳ ስትገባ። “ለእናት ግን አይከፍሉም።”

“ለእናት ምን ብለው ይክፈሏት?”

“እኔስ ምን አልኩ? በእኔ ሂሳብ ነው የምትሄጂው ለማለት ነው።”

ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም። ሁለቱም ወደየመስኮታቸው ዞሩ።

ቦርድ ሲባል ኤድሜ መጀመሪያ ረጅም ጠረጴዛና አሥራ ሁለት ሽማግሌ ነበር የመሰላት። ኋላ ነው የገባት። የአመክሮ ቦርዱ ዋና መሥሪያ ቤት ኦታዋ ነው፣ በየክልሉ ቅርንጫፍ አለው፤ እስረኛው ፊት የሚቀመጡት ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። መንግሥት ለተወሰነ ዓመት ይሾማቸዋል፤ አንዱ ድሮ አስተማሪ፣ አንዱ ነርስ፣ አንዱ ፖሊስ የነበረ ሊሆን ይችላል። ዳኞች አይደሉም። ጥፋተኛ ነህ፣ አይደለህም አይሉም፤ ያ ያለቀ ነገር ነው። የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሰው ዛሬ ቢወጣ ለሕዝብ ያሰጋል ወይ? ሁለቱም እሺ ካላሉ አይወጣም። አንዱ እሺ፣ አንዱ እምቢ ካለ ደግሞ ሁሉም ይፈርስና ሌሎች ሁለት ሰዎች ፊት እንደ አዲስ ይጀመራል። ኤድሜን እንቅልፍ የነሳት ግን ይሄ አልነበረም። ሬያል ዛሬ ቢከለከልም በመጪው ጥቅምት የፍርዱ ሁለት ሦስተኛ ይሞላል፤ ያን ጊዜ ሕጉ ራሱ በሩን ይከፍትለታል። መውጣቱስ አይቀርም፤ የት ይገባል? በማመልከቻው ላይ ኋላ የሚኖርበት ብሎ ያስመዘገበው የእናቱን ቤት ነው። በዚያው ደረጃ፣ በእሷ ወጥ ቤት መስኮት አጠገብ ሊወጣና ሊወርድ ነው። ይህን ባሰበች ቁጥር ከተቀመጠችበት ትነሳለች፣ ከተነሳችበት ደግሞ የምትሄድበት የላትም።

አምና ለቦርዱ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፋ “ወደዚህ ቤት እንዳያልፍ” ብላ ነበር። ሬያል አምና ተከለከለ። ዘንድሮ ደከማት። አምና የጻፍኩት ፋይሉ ውስጥ አለ አይደል፣ ደጋግሜ ምን አስለቀሰኝ ብላ ግማሽ ገጽ ብቻ ጻፈች፤ ስለ መብራቱ። አሊር ከሚሠራበት ዳቦ ፋብሪካ በጓሮ በር ሲመለስ እንዳያዳልጠው ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የኋላ ደረጃውን መብራት ታበራለት ነበር። ማብሪያው በእሷ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። አሁንም ሰዓቱ ሲደርስ እጇ ሳይታዘዝ ይሄዳል። የጽሑፉን መጨረሻ በቃሏ ትወጣዋለች፤ “ሬያል በገፋበት ደረጃ ላይ መብራቱን ዛሬም በየማታው አበራለሁ። እስካሁን እጠብቀዋለሁ።” ጽሑፉ ከቀጠሮው ሠላሳ ቀን በፊት መድረስ ስላለበት ገና በታኅሣሥ ላከችው። አንድ ቅጂ ለሬያል እንደሚሰጥም ታውቃለች፤ እስረኛው አስቀድሞ ያላየው ነገር በላዩ ላይ አይነገርበትም።

“ሬያል በስልክ አነበበልኝ” አለች ዴሊማ በድንገት። ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው።

“ምኑን?”

“የጻፍሽውን። ሦስት ጊዜ አስነበብኩት። ‘አክስቴ ትጠብቀኛለች፣ መብራት ታበራልኛለች’ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰብኝ። እኔ ደግሞ ያን መብራት ከላይ ሆኜ በየማታው ሳየው እኔን ለመቅጣት ይመስለኝ ነበር። በመጋረጃ እከልለው ነበር።” ጓንቷን አውልቃ አፍንጫዋን ጠረገች። “እግዜር ይስጥሽ፣ እትዬ።”

ኤድሜ መሪውን ጨበጠች። እትዬ ከተባለች አራት ዓመቷ ነው። ለአሊር ነው ልትል ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ ለባሌ ነው፣ ለልጅሽ አይደለም፣ ለልጅሽ ብዬ ክብሪት እንኳ አልጭርም። ከዴሊማ ካፖርት ግን የፍሪኮ ሽታ ይሸታል፤ የእናታቸው ወጥ ቤት ሽታ። ፈራች። እውነቱን ብትናገር ይህቺ ሴት ከመኪናው ሳትወርድ ትሞትብኛለች ብላ ፈራች፤ ከዚያም በላይ ደግሞ እንደገና በብጣሽ ወረቀት መኖሩን ፈራች። ስለዚህ ዋጥ አደረገችው።

ወኅኒ ቤቱ ኮረብታ ላይ ነው። ሁለቱን እዚያው በሩ ላይ ለያዩዋቸው፤ ተጎጂ በአንድ ክፍል፣ የእስረኛ ቤተሰብ በሌላ ክፍል ይጠብቃል። የኤድሜ ክፍል ሁለት የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ ሳጥን የእጅ መሐረብ፣ አንድ የአበባ ሥዕል አላት። የቦርዱ ሠራተኛ ኮሪን፣ ተጎጂዎችን የምታጅበው ልጅ እግር ሴት፣ ከማሽኑ በሁለት ዶላር ከሩብ ቡና አምጥታላት አጠገቧ ተቀመጠች። ኤድሜ አልጠጣችውም። ሥዕሉ ተንጋዶ ታያት፤ ተነስታ አቃናችው፤ ተቀምጣ ስታየው ወደ ሌላው ጎን ተንጋደደ።

“ኮሪን፣ ጽሑፌ ላይ አንድ ቃል ብጨምርስ?”

“አይቻልም፣ ወይዘሮ ጎጋን። መቀነስ ይችላሉ፣ መዝለል ይችላሉ፤ መጨመር ግን አይሆንም።”

“አንዲት ቃል ናት። ስም ናት።”

“አንዲትም ብትሆን። እሱ ያላየው ነገር ነዋ። ካልፈለጉ ጭራሽ አለማንበብም መብትዎ ነው።”

ባላነብስ፣ አለች ለራሷ። ግን ሁለቱ የቦርድ ሰዎች አስቀድመው አንብበውታል፣ ሬያልም አንብቦታል፣ ዴሊማም ሰምታዋለች። የማያነብላት አሊር ብቻ ነው።

ክፍሉ መማሪያ ክፍል ይመስላል። ጠረጴዛው ማዶ ሁለቱ አባላት ተቀምጠዋል፤ ከኩቤክ የመጡት ወይዘሮ ጋርኖ፣ ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህርት፤ አጠገባቸው አቶ ሜላንሶን፣ ከዚሁ ከአካድያ፣ ከአካባቢው ነባር ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ባሕር ዳር ያደጉ የቀድሞ የዓሣ ጥበቃ ሠራተኛ። በጎን በኩል ጸሐፊዋ የድምፅ መቅጃውን ይዛለች። ታዛቢዎች ከኋላ ስለሚቀመጡ ኤድሜ የሬያልን ፊት አታይም፤ የምታየው ማጅራቱን ነው። ከስቷል። ማጅራቱ ላይ በልጅነቱ ከዛፍ የወደቀበት ጠባሳ አለ፤ ያን ቀን ሐኪም ቤት ያደረሰው አሊር ነበር፣ በዚያችው መኪና። ዴሊማ በሌላው ጥግ ሆና አንገቷን ወደ እሷ ዘንበል አድርጋ ፈገግ አለችላት። ኤድሜ ጫማዋን አየች።

ወይዘሮ ጋርኖ አላባበሉም። ያን ቀን ስንት ጠርሙስ ጠጣህ፣ ከዚያ በፊት ማንን ገፍተህ ታውቃለህ፣ መጠጥ ማቆሚያው ትምህርት ላይ ሁለት ቀን ለምን ቀረህ፣ ሰፈር ውስጥ የድሮ ጓደኛህ ቢራ ይዞ ቢመጣ ምን ትላለህ እያሉ አንድ ሰዓት ያህል አፋጠጡት። ሬያል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይመልሳል፤ ሲጨንቀው ጉልበቱን ከጠረጴዛው ሥር ያንቀጠቅጣል። 

“ስትወጣ የሚደግፍህ ማን አለ?” አሉ አቶ ሜላንሶን።

“እናቴ አለች። አክስቴም አለች።” አለ ሬያል። “ይህ ለእኔ እንደማይገባ አውቃለሁ። ግን ትጠብቀኛለች። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን እዚህ ሆኜ፣ አሁን መብራቱን አበራችው እላለሁ። ቀኑን የምገፋው በዚያ ነው።”

ወይዘሮ ጋርኖ ወረቀቱን ገለጡ። “ወይዘሮዋ እዚህ ላይ ተስፋ አደርግበታለሁ ነው ያሉት?”

“በእኛ አፍ መጠበቅ ማለት ነው” አሉ አቶ ሜላንሶን። እውነታቸውን ነው፤ ኤድሜ የጻፈችው ፈረንሳይኛ ቃል ኩቤክ ሲሻገር ተስፋ ይሆናል፤ አካድያውያን ዘንድ ግን ሰው ደጅ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ነው። ወይዘሮ ጋርኖ አመስግነው ጠርዙ ላይ ማስታወሻ ያዙ። ሁለቱ አባላት በቃሉ ተስማሙ፤ የምትጠብቀው ማንን ነው ብሎ የጠየቀ ግን የለም።

ኤድሜን ሳል ያዛት። ኮሪን ውኃ አቀበለቻት። እዚያ ተቀምጦ መስማት ጥርስ እንደሚያስነቅል ሰው ሐኪም ፊት አፍን ከፍቶ መጠበቅ ነው፤ መናገር አይቻልም። ልጁ ያለቀሰው እውነቱን ነው፤ አይዋሽም፣ ታውቀዋለች። የተሳሳተውም እውነቱን ነው። በእሷ መብራት ነው ሲጽናና የኖረው፤ በአሊር መብራት። ነደዳት። ከዚያ ንዴቱን ፈልጋ ስታጣው የባሰ ነደዳት።

“ወይዘሮ ጎጋን፣ ተራዎ ነው።”

ተነስታ ከሬያል አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ኋላ ቆመች። ወረቀቱን ዘረጋች። ስለ ዳቦ ፋብሪካው አነበበች፤ የአሊር ልብስ ሁልጊዜ እርሾ እርሾ ይሸት እንደነበረ አነበበች፤ ካፖርቱን አሁንም እንዳላጠበችው አነበበች። ድምፅዋ ለራሷ እንግዳ ሆነባት። “ሬያል በገፋበት ደረጃ ላይ መብራቱን ዛሬም በየማታው አበራለሁ” አለችና ቆመች። መዝለል ትችያለሽ ተብላለች። ብትዘለው ዴሊማን ታድናለች፣ ልጁንም አትነካውም፤ ማንም ምንም አይልም። እንደተጻፈ ብታነበውም ያው ነው።

“እስካሁን አሊርን እጠብቀዋለሁ።”

ጸሐፊዋ እጇን አነሳች። “ይቅርታ፣ ወይዘሮ ጎጋን። የተጻፈውን ብቻ ነው። ስሙ እዚህ የለም፣ ከመዝገብ ይወጣል። ዓረፍተ ነገሩን እንደገና ያንብቡልን።”

 ኤድሜ ወደ ኮሪን ዞረች፤ ኮሪን ዓይኗን ሰበረች። ባሏን ሁለተኛ እንደቀበሩባት ነው የተሰማት፤ ያውም በትህትና፣ እባክዎ ተብላ። “እስካሁን እጠብቀዋለሁ” አለች። መዝገቡ የያዘው ይህን ነው። ወደ ወንበሯ ስትመለስ ዴሊማን አላየቻትም፤ ማየት አልደፈረችም። ያየችው የሬያልን ማጅራት ነው፤ ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ጆሮው ቀልቷል፣ ጉልበቱም መንቀጥቀጡን አቁሟል።

ደንቡ የመጨረሻውን ቃል ለእስረኛው ይሰጠዋል፤ እሱ ደግሞ ከወረቀት እንዲያነብ አይገደድም፣ የፈለገውን መናገር ይችላል። ሬያል ከአጠገቡ የተቀመጠው ረዳቱ ያዘጋጀለትን ወረቀት ወደ ጎን ገፋው።

“ተሳስቼ ነው ያነበብኩት” አለ። “እኔን መስሎኝ ነበር። አጎቴን ነው፣ አሊርን። አሊርን ነው የምትጠብቀው።” ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ። “እዚያ ቤት አትላኩኝ። አድራሻውን ሰርዙልኝ። በዚያ ደረጃ ወጥቼ በመስኮቷ አላልፍም፤ በጥቅምትም ቢሆን፣ ቅጣቴ ካለቀም በኋላ ቢሆን። እማዬ፣ አንቺ…”

“ወደ እኛ ይናገሩ” አሉ ወይዘሮ ጋርኖ።

“ጨርሻለሁ” አለ።

እንዲህ ሆኖ የአሊር ስም መዝገብ ገባ፤ በገፊው አፍ።

ሁሉንም አስወጥተው ሁለቱ አባላት ብቻቸውን ተነጋገሩ። ዘለግ አለ። ኤድሜ ያን የአበባ ሥዕል ስታይ፣ ስትነሳ፣ ስትቀመጥ ቆየች፤ በግድግዳው ማዶ የሴት ጫማ ከወዲያ ወዲህ ሲመላለስ ይሰማታል። እርምጃውን ታውቀዋለች፤ አራት ዓመት በራሷ ላይ ሲሄድ የኖረ ነው። ሲመልሷቸው ወይዘሮ ጋርኖ ውሳኔውን ከወረቀት አነበቡ። ለስድስት ወር የቀን አመክሮ ተፈቅዶለታል፤ ቀን ሥራ ይሠራል፣ ማታ ከተማው ማዶ ባለው፣ በአመክሮ የወጡ በሚያድሩበት የሽግግር ቤት ይገባል። መጠጥ አይቀምስም። አክስቱ ራሷ በጽሑፍ ካልፈቀደች አያናግራትም። ወደዚያ መንገድና ወደዚያ ቤት አይደርስም፤ እናቱን ሌላ ቦታ ያግኝ። ሁለቱም አባላት ተስማምተዋል። ራሱን ሳይጠቅም የተናገረው የመጨረሻው ቃል ከአንድ ዓመት ትምህርት ይልቅ ሚዛን ደፍቷል አሉ።

ሲመለሱ መንገዱ በረዶ ጀምሮታል። ኤድሜ ቀስ ብላ ነዳች። ያሸነፈች መስሎ ሊሰማት ይገባ ነበር፤ የለመነችውን ሁሉ አግኝታለች፣ ያልለመነችውንም ጭምር። ደስታውን ግን የት እንደምታደርገው አላወቀችም። ዴሊማ ከንፈሯ ላይ የነበረውን ቀለም በጥርሷ ጨርሳዋለች።

“ጠዋት መኪና ውስጥ ታውቂ ነበር” አለች፣ የሞንክተን መብራቶች መታየት ሲጀምሩ።

“አውቅ ነበር።”

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“እትዬ ስላልሽኝ።”

ዴሊማ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ኤድሜ በዓይኗ ጠርዝ አየች፤ እጇን ከመሪው አንስታ ልትዘረጋ አሰበች፣ መንገዱ ያንሸራትታል ብላ ተወችው። መንገዱ ባያንሸራትትም ትተወው እንደነበረ ታውቃለች።

ቤታቸው ሲደርሱ አሥራ ሁለት ሰዓት ካለፈ ሩብ ሆኗል። ጓሮው ጨለማ ነው። ከአሊር ሞት ወዲህ ደረጃው በዚህ ሰዓት ጨልሞ አያውቅም። ኤድሜ ሞተሩን አጥፍታ ቁልፉን በእጇ ያዘች። ዴሊማ ቀድማ ወርዳ ደረጃው ሥር ሄደች፤ አሊር በወደቀበት ቦታ ላይ። አንድ እግሯን አነሳች፣ መለሰች፤ አዲሱ በረዶ እርከኖቹን ሸፍኗቸዋል። ሌላ ቀን ቢሆን በፊት በር ዞራ በውስጥ ትወጣ ነበር። አልሄደችም። ካፖርቷን ሰብስባ ጀርባዋን ለኤድሜ ሰጥታ ቆመች።

“ድስቴ አንቺ ጋ ነው” አለች ሳትዞር።

“ሳሞቀው ትወስጂዋለሽ። ወይም…” ኤድሜ አልጨረሰችውም።

“አይታየኝም እኮ። ግቢና መብራቱን አብሪልኝ።” ዴሊማ የደረጃውን መደገፊያ ያዘች። “እጠብቅሻለሁ።”

ኤድሜ የጓሮውን በር ከፍታ ገባች፤ ጫማዋን እንኳ ሳታራግፍ ግድግዳውን በእጇ እየዳሰሰች ማብሪያውን ፈለገች።